ከሦስቱ ጠመንጃ የትኛው ይሻላል

ኮልፌ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ክረምቱን እንዴት ከረሙ? ወገብዎትስ እንዴት ነው? የእማማ ጉልበት ተሻላት ወይ? ወንድሜ መሸሻ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን አሉልኝ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት በሕይወት አለን። ሌላ ጊዜ ‹‹ደህና ነን›› ብዬ አልፈው ነበር፤ ዛሬ ግን ስለ ጤና የምነግርዎ ነገር ስላለኝ ወደ ታች እደርስበታለሁ።

በቡና ጫኙ ሾፌር የላኩት ደብዳቤ በጥቅምት መጨረሻ ደርሶኛል። ከርከሮው በቆሎውን መጨረሱ ሳያንስ የመሸሻን ውሻ እንደዘነጠለው አንብቤ በጣም አዘንኩ። ጠመንጃዎ ምንሽሩ አርጅቶ ጥይቱን እየነከሰ አላወጣም እንዳለዎትና አዲስ መግዛት እንደፈለጉም ገብቶኛል። ‹‹ባልሽ ሀብተማርያም የመንግሥት መሣሪያ ሲጠግን የኖረ ነውና፣ ከምላጩ በታች ባለው ማንሻ ከሚጎርሱት ጠመንጃዎች፣ ከዊንቸስተር፣ ከማርሊንና ከሳቬጅ፣ የትኛው እንደሚበጀኝ ይምረጥልኝ›› ብለዋል። መልሱ ይኸውልዎ።

ጎረቤታችን ጋሽ ረሻድ ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ጦር ኃይሎች አጠገብ ነው። ከአገር የሚወጡ ፈረንጆች የሚተዉትን የአደን ጠመንጃ ይገዛል። እንደ ዕድል ሦስቱም በእጁ ነበሩ። ‹‹ለአባትሽ ከሆነ ሳምንት ሙሉ እናንተ ዘንድ ይደሩ፤ እንደ ሙሽራ አገላብጣችሁ እዩአቸው›› ብሎ እቤታችን ድረስ አመጣቸው። አገላብጠን አየናቸው።

ዊንቸስተሩ ቀጭንና ቀላል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢሸከሙት ትከሻ አይቆርጥም። ማንሻውን ወደ ታች ገፋ አድርገው ሲመልሱት ቅቤ ነው፤ ከሦስቱ እንደሱ የሚፈጥን የለም። ስሙም ትልቅ ስለሆነ ነገ ልሽጠው ቢሉ ገዢ አያጣም። ነገር ግን ቀለሁን የሚተፋው በአናቱ ነው። አናቱ ክፍት በመሆኑ የእናንተ አገር ዝናብና የዛፍ ርጋፊ ይገባበታል። በየቀኑ ለሚወለውለው ሰው ይህ ችግር አይደለም። እርስዎ ግን በየቀኑ አይወለውሉም፤ አውቅዎታለሁ።

ሳቬጁ የብልህ ሰው ሥራ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ጥይት የሚይዙት ከበርሜሉ ሥር በተሰካ ቱቦ ሲሆን፣ እሱ ሆዱ ውስጥ በሚሽከረከር ካዝና ነው። በጎኑ ባለች ትንሽ መስኮት ስንት ጥይት እንደቀረ ቁጥሩ ይታያል። ሹል ጥይት ይተኩሳል፤ ሩቅ ይመታል። ዋጋው ግን የማርሊኑን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ጥይቱንም በዚህ ሁሉ ከተማ ዞሬ ያገኘሁት አንድ ሱቅ ብቻ ነው። እናንተ ዘንድ ቦንጋ ላይ ጥይት ያጣ ጠመንጃ ዱላ ነው። ሜዳ አገር ቢሆኑ እሱን ይግዙ እልዎ ነበር፤ እርስዎ ግን የሚተኩሱት ጫካ ውስጥ፣ ከሠላሳ እርምጃ የማይርቅ ነገር ላይ ነው።

ማርሊኑ ከዊንቸስተሩ ከበድ ይላል፤ መልኩም ያን ያህል አያምርም። አናቱ ግን ድፍን ነው፤ ቀለሁን በቀኝ ጎኑ ይጥላል። ከሁሉ የወደድኩለት አንድ ብሎን ፈትተው ማንሻውን ካወጡት የውስጡ ብረት ተስቦ መውጣቱን ነው፤ ከዚያ በኋላ በርሜሉን ከኋላ በኩል እስከ አፈሙዙ መጥረግ ነው። ይህን መሸሻም በአንድ ቀን ይለምደዋል። በዋጋም ከሦስቱ የሚቀለው እሱ ነው። ስለዚህ ማርሊኑን መርጠናል።

አንድ ነገር አደራ። ማርሊኑና ዊንቸስተሩ የሚጎርሱት አንድ ዓይነት ጥይት ነው፤ ሠላሳ-ሠላሳ ይሉታል። ጫፉ ደፍጠጥ ያለውን ብቻ ያጉርሱት። በቱቦው ውስጥ ጥይቶቹ ተከታትለው ስለሚተኙ፣ ሹል ከሆነ የኋለኛው ጫፍ የፊተኛውን ቂጥ ወግቶ እዚያው ሊያፈነዳው ይችላል። ማንም ‹‹ያው ነው›› ቢልዎ አይስሙት።

አባባ፣ እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሀብተማርያም ቃል መስሎዎት ከሆነ የሱ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የኔ ነው። ይህን የምነግርዎ የማን እጅ እንደነካው ሳያውቁ ጠመንጃውን እንዳይገዙት ብዬ ነው።

ሀብተማርያም ዓይኑ ታሟል። ከጀመረው ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። መጀመሪያ በጎን በጎኑ ጨለመ፤ ሰው ከጎኑ ሲመጣ ይደነግጥ ነበር። ‹‹ዕድሜ ነው›› እያለ ዝም አለ። አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ፊቴን አያየኝም። ያለፉትን ሁለት ዓመት ሥራው የተሠራው እንዲህ ነው፤ እሱ ጠመንጃውን ጆሮው ሥር አድርጎ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ በጣቱ ይዳስሳል፣ ‹‹እዚህ ጋ ይጎረብጣል›› ይለኛል። እኔ አያለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ እገጥማለሁ። ደንበኛ ሲመጣ እሱ በር ላይ ይቀመጣል፣ ያወራል፤ እኔ ጓዳ እሠራለሁ። ማንም አያውቅም ነበር።

ልጅ ሆኜ ጠመንጃዎን ተሻግሬ በመራመዴ የገረፉኝንና ጠበል ያስረጩበትን አልረሳሁም። ‹‹የሴት እግር ያለፈበት ጠመንጃ ይከዳል›› ብለውኝ ነበር። ይቅርታ አልጠይቅም ብል ድፍረት ይሆንብኛል፤ ብጠይቅዎ ደግሞ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ የሆነውን ብቻ ልንገርዎ።

ሦስቱን ጠመንጃ ለመሞከር ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከአስኮ ወዲያ ወዳለው የድንጋይ ካባ ሄድን። ጋሽ ረሻድ መጣ፤ ለምስክርነት ደግሞ ከፖሊስ ሃምሳ አለቃ ፀሐዬ አብሮን ነበር። ለኢላማ የስኳር ካርቶን በስልሳ እርምጃ ላይ አቆምን። ‹‹ጋሽ ረሻድ ይተኩስ፣ አንተ ድምፁን ስማ›› ብዬው ነበር ሀብተማርያምን፣ ከቤት ሳንወጣ። እሺ ብሎኝ ነበር። እዚያ ስንደርስ ግን ሃምሳ አለቃው ‹‹እስቲ ባለሙያው ይጀምርልን›› አለ። ሀብተማርያም ሰው ፊት እንቢ ማለት አልሆነለትም። ጥይት የጎረሰውን ማርሊን ተቀበለ። እኔም ከአጠገቡ ቆሜ ወደ ካርቶኑ አቅጣጫ በክርኔ አዞርኩት።

በዚህ መሐል ነፋሱ ካርቶኑን ጣለው። ጋሽ ረሻድ ምንም ሳይል ሊያቆመው ሄደ። አሸዋ ላይ ስለረገጠ ኮቴው አልተሰማም። እኔ ለሌሎቹ ጠመንጃዎች ጥይት ከፓኮው ለማውጣት ጎንበስ ብዬ ነበር። ማንሻው ሲሄድና ሲመለስ ሰማሁ። ቀና ስል ሀብተማርያም ሰደፉን ትከሻው ላይ አስደግፏል፤ ከአፈሙዙ ፊት ለፊት የጋሽ ረሻድ ነጭ ቆብ ነው። በርሜሉን በክንዴ ወደ ላይ መታሁት። ጥይቱ ወደ ሰማይ ሄደ።

ጋሽ ረሻድ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፣ የእምነት ቃሉን፣ ሸሃዳውን፣ ይል ነበር መሰለኝ። ሃምሳ አለቃው ጠመንጃውን ነጥቆ፣ ‹‹ሰውየውን አላየኸውም?›› አለው።

ሀብተማርያም፣ ‹‹ማን ነበር?›› አለ።

ይህን ሲል ሁሉም ገባቸው። ሃምሳ አለቃው ድምፁን ቀንሶ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠየቀው፤ ነገረው። ‹‹ታዲያ በመስከረም የኔን ሽጉጥ ማን ሠራው?›› አለ። ሀብተማርያም ወደ እኔ እጁን ዘረጋ፤ እኔ ግን በዚያ በኩል አልነበርኩም፣ በሌላው ጎኑ ነበርኩ። ‹‹እኔ ነኝ›› አልኩ። ሃምሳ አለቃው ትክ ብሎ አየኝ።

ጋሽ ረሻድ አቧራውን እያራገፈ መጣ። እንደሚሰድበን ተዘጋጅቼ ነበር። ‹‹ካልሞትኩ አይቀር ሥራው ይለቅ፤ እሷ ትተኩስ። እኔ ግን ከኋላዋ ነው የምቆመው›› አለ። ሃምሳ አለቃው ሊስቅ ፈለገና ተወው። በሦስቱም አምስት አምስት ጥይት ተኮስኩ። የዊንቸስተሩ በአንድ መዳፍ ልክ አረፉ፤ የማርሊኑም እንዲሁ፣ ትንሽ ወደ ግራ ይወስድ ስለነበር ማነጣጠሪያውን አስተካክዬዋለሁ። የሳቬጁ አምስት ቀዳዳ በሲኒ ይከደናል።

ሀብተማርያም ሰኞ ጠዋት ከዘራውን ይዞ ብቻውን ወጣ፤ መንገደኛ እየመራው ሄዶ የጥገና ፈቃዱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት መልሶ መጣ። ስሰማ ተቆጣሁ። ‹‹የኔም እጅ ያለበት ሥራ ነው፤ እንዴት ሳትጠይቀኝ?›› አልኩት። ‹‹ረሻድ ሰባት ልጅ አለው›› አለኝ። ፈቃዱ በስሜ ይሁን ብዬ ለማመልከት አስቤ ነበር፤ ሃምሳ አለቃው እንኳ ‹‹እኔ እመሰክርልሻለሁ›› ብሎኛል። እስካሁን አልቆረጥኩም። ለጊዜው የስፌት መኪናና ፕሪሙስ የሚባለውን የላምባ ምድጃ እጠግናለሁ። የመጀመሪያዋን መኪና ያመጣችው የጋሽ ረሻድ ሚስት ሰብሪያ ናት፤ እኔ እንደማየው መኪናዋ ምንም ብልሽት አልነበራትም።

ሐኪም ዘንድ ወስጄዋለሁ። ሐኪሙ መረመረውና፣ የዓይኑ ግፊት እያደር ውስጡን እንደጎዳው፣ የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ ነገረን። ‹‹ከሁለት ዓመት በፊት ብትመጣ ኖሮ የቀረውን በመድኃኒት እናቆየው ነበር›› አለው። ሀብተማርያም ‹‹እሺ›› ብቻ አለ።

አሁን ስለ እርስዎ። በደብዳቤዎ ግርጌ ‹‹የፊት ማነጣጠሪያው ነጭ ነገር ያለበት ቢሆን ይሻለኛል›› ብለዋል። መሸሻም በጨመረልኝ ብጣሽ ወረቀት፣ ከገበያ ሲመለሱ መንገዱን በቅሎዋ እንደምትመራዎ፣ በማርያም ዕለትም ከጎንዎ የቆሙትን የደብሩን አለቃ ሳይሳለሙ እንዳለፉ እየቀለደ ጽፎልኛል። እሱ ስቋል። እኔ አልሳቅኩም። ሀብተማርያምም በመጀመሪያ የጠየቀኝ ማነጣጠሪያው ላይ ነጭ ቀለም እንድቀባለት ነበር።

ማርሊኑ የእርስዎ ነው። አጽድቼ፣ ዘይት ቀብቼዋለሁ፤ ጥይት ሳይጎርስ ጋሽ ረሻድ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። የፈቃዱ ወረቀት የእርስዎን ፊርማ ይፈልጋልና መጥተው ፈርመው ይውሰዱ። ሃምሳ አለቃ ፀሐዬ ‹‹ወንድምሽ በውክልና ሊወስደው ይችላል›› ብሎኝ ነበር። ይህን ለመሸሻ አልጻፍኩለትም። እርስዎም አይንገሩት። የሴት እጅ ነክቶታል ብለው ጠመንጃውን አልፈልግም ካሉ አልቀየምም፤ ብቻ እሱን ለመንገር ቢሆንም ይምጡ። ከርከሮውን እስከዚያ መሸሻ በወጥመድ ይከላከለው።

ከጥምቀት በፊት ይሁንልኝ። ከጅማ የሚነሳው አውቶቡስ ጦር ኃይሎች ሲደርስ ይውረዱ። ግርግር ስለሆነ እኔን ለመፈለግ አይድከሙ፤ ከወረዱበት ሳይንቀሳቀሱ ይቁሙ። እኔ አይቼዎት እመጣለሁ።

የእማማን ጉልበት ይሳሙልኝ። ምርቃትዎ ከደጃችን አይጥፋ፤ የአገሩ አድባር ይጠብቅዎ፤ ፈጣሪ በደህና መንገድ ያምጣልኝ።

ልጅዎ