የጉልበቴ ስፌት

ይድረስ ለአጎቴ፤

ጤናህ እንዴት ነው? የእግርህ እብጠት ተወህ? ውሃስ በደንብ ትጠጣለህ? ለወግ ያህል የምጠይቅህ እንዳይመስልህ፤ ሆድህ ውስጥ የሚሠራው ኩላሊት የእኔ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ተማሪዎቼም ደህና ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ኩላሊት ስስልላቸው ሁለት አድርጌ ሳልኩ፤ ሁለተኛው ላይ ግን እጄ ትንሽ ዘገየ።

ሐሙስ ዕለት ሬዲዮ ላይ ሰማሁህ። አካሉን ለሚሰጥ ሰው ክፍያ ይፈቀድ የሚለውን ረቂቅ ሕግ ስትቃወም «ፍቅር አይሸጥም! የእህቴ ልጅ ኩላሊቷን የሰጠችኝ አዝዬ ስላሳደግኳት ነው» አልክ። ከዚያ ያቺን ታሪክ ደገምካት፦ በሰባት ዓመቴ ከደረጃ ወድቄ፣ ጉልበቴ ተሰንጥቆ፣ አዝለኸኝ ክሊኒክ ድረስ ስትሮጥ፣ ሰባት ቦታ ስሰፋ።

ታሪኳ የተወለደችበትን ቀን አልረሳሁም። ሳሎንህ ውስጥ አንድ ሳምንት ሙሉ ዝምድና አጥንተናል፤ ፈታኙ ያገናኘን ደላላ ነበር። «አንቱ አትበይኝ፤ ማን አጎቱን አንቱ ይላል? ታስጠረጥሪናለሽ» ብለህ ተቆጣኸኝ። እኔ የመጨረሻ ዓመት ትምህርቴን መክፈያ ነበር የፈለግሁት፤ ተስማምቻለሁ፣ አልክድም። ዝምድናችንን የሚያጣራው የሆስፒታሉ ኮሚቴ ፊት ስንቀርብ ግን ሰብሳቢዋ ካላጠናነው ጠየቀችህ፤ «ስለ ልጅነቷ እስቲ አንድ ነገር ንገረን» አለች። ሳታመነታ ጉልበቴን አመጣህ። እኔ አለቀስኩ። ኮሚቴው እንባዬን ማስረጃ አድርጎ ፈቀደ። አባቷን ሳታውቅ ያደገች ልጅ ነኝ፤ አንድ ሰው አዝሎኝ ሮጠ ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከወር በኋላ ቁስሌ ሲያመረቅዝ ስልክህ አልተነሳም። ሆስፒታል ስሄድ «ክትትሉን ቤተሰብ ይሸፍናል ብላችሁ ፈርማችኋል፤ አጎትሽን አምጪ» አሉኝ። ከየት ላምጣህ?

ሬዲዮው ላይ «ክፍያ ከተፈቀደ ድሃው ገበያ ይወጣል» አልክ። እኔ ምን ነበርኩ፣ ምርቃት? ሐኪሙ ተከፈለው፣ ደላላው ተከፈለው፣ በር የከፈተው ዘበኛ እንኳ ጉርሻ አገኘ። የእኔ ብቻ ነውር ሆኖ በፖስታ ታሽጎ በሾፌርህ ተላከ። መሸጥ ጽድቅ ነው አልልም፤ ታናሽ እህቴ ልሽጥ ብትል በር ዘግቼባት አስቀራታለሁ። ግን በጓዳ የተሸጠ ሰው ሲታመም የሚጮኽበት አደባባይ የለውም። ሕግ ቢኖር ለትኩሳቴ የሚጠየቅ አንድ ፊርማ በተገኘ።

ትናንት ሾፌርህ መጣ። «ጋሼ ዝም ትበል፣ ከተናገረች እሷም አብራ ትታሰራለች ብለዋል» አለኝ። አውቃለሁ በልልኝ አልኩት። ሕጉን አንብቤዋለሁ፤ በከፈልክልኝ ትምህርት።

ማክሰኞ ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ ልናገር ተመዝግቤያለሁ። ተራዬ ከአንተ ቀጥሎ ነው። አደራህን፣ የጉልበቴን ታሪክ እንዳትተዋት፤ እስከ ሰባተኛዋ ስፌት ተርካት። ከዚያ እኔ ተነስቼ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ እሰበስባለሁ። ሁለቱም ጉልበቶቼ ልሙጥ ናቸው። ሰውነቴ ላይ ያለው ስፌት አንድ ብቻ ነው፤ የት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

መድኃኒትህን በሰዓቱ ዋጥ፣ ጨው ቀንስ። ዕድሜህን ያርዝመው፤ የእኔም ድርሻ አለበትና። የአዳራሹ ደረጃ ብዙ ነው አሉ፤ ቀስ ብለህ ውጣ። ከደከመህ ክንዴን ያዝ፤ ያየን ሰው ዘመዳሞች ናቸው ይላል።

አዝለህ ያላሳደግካት
የእህትህ ልጅ