ጋሼን የከለከልኩት ኮምፒውተር

ሰኞ፣ ማርች 3

ዛሬም እንግዶቹን ይዘን ሁለት ጊዜ ጠለቅን። ጠዋት ትልቋ የጭነት መርከብ፣ ከሰዓት ትንሿ። ከሰመጡ ስንት ዘመናቸው... ሰው ግን አሁንም ሊያያቸው ከዓለም ዳር ይመጣል። እንግዶቹ ደህና ናቸው። አንዷ ብቻ ትቸኩላለች። ነገ ወንድሜ ጋሼ ማሳኦ ይያዛት።

ወገቤ። ጆሮዬ። ኤንሪና የተወቀጠ የዳቦ ዛፍ ፍሬ ልካልኝ ነበር። የጋሼ ሚስት እንዲህ ናት፣ ሳይነግሯት ታውቃለች። ሳልጨርሰው እንቅልፍ ሊጥለኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከድካም ይሁን ከሌላ...

ያቺ ቸኳይ። የመርከቧ ሞተር ክፍል ውስጥ ደለሉ ተነሳና ጨለማ ሆነ። ደነገጠች። በሩን እንዳለፈች ሽቅብ ተተኮሰች። ጋሼ እግሯን ያዘ። መያዙንስ ያዘ፣ እሷ ግን ይዛው ወጣች። አየሩ ከደም እንዲወጣ እየቆሙ መውጣት ሲገባ፣ አንድም ቦታ ሳይቆሙ! እሱ ደግሞ የመውረጃውን ገመድ ሊያስር ከሁላችንም ቀድሞ ነበር የወረደው። ስንት አየር ደሙ ውስጥ ገብቶ ይሆን?

ልከተላቸው? ሌሎቹን ለማን ትቼ? እጄ ላይ የታሰረው የመጥለቂያ ኮምፒውተርም ቁም ይላል፣ የማረፊያውን ደቂቃ ይቆጥራል። እንግዶቹን ገመዱ ላይ ደርድሬ፣ ቁጥሩ እስኪያልቅ ቆምን። ላይ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ዓይኔ ቁጥሩ ላይ። አንዷ ደቂቃ አልሄድም አለች።

ስንወጣ ሴትዮዋ ኦክስጅን እየሳበች ታለቅሳለች። ደህና ናት። ጋሼ የጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨሳል። ኮምፒውተሩን በገመድ አስሮ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሎታል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«የቀረኝን ማረፊያ እየጨረስኩ» ብሎ ሳቀ። «እሱ እዚያ ይቁምልኝ፣ እኔ እዚህ ላጭስ።»

ሴትዮዋን ጀልባ ላይ እስኪያወጣ ግን ዘግይቷል። ገመዱን ሲስብ ኮምፒውተሩ ማረፊያ እንደተዘለለ ቆጥሮ ተቆልፏል። ሁለት ቀን አያገለግልም። ኦክስጅኑን ተቀበል ስለው ጭንብሉን ገፋው። «ለሷ ስጥ፣ እኔ የዚህ ውኃ ልጅ ነኝ።»

ረቡዕ፣ ማርች 5

ጠዋት ጀልባው ጋ፣ እንግዶቹ ፊት፣ እጁን ዘረጋ።

«ያንተን አምጣ።»

«ምኔን?»

«ኮምፒውተርህን ነዋ! አንተ ዛሬ ጀልባ ጠብቅ።»

ታላቄ ነው። እዚህ ታላቅ ከጠየቀ ይሰጣል። ሸሚዜን አውልቅ ቢለኝ አወልቃለሁ። አባቴ ሲሞት ያሳደገኝ እሱ፣ መጥለቅ ያስተማረኝ እሱ...

«ጋሼ፣ ይሄ የሚያውቀው የኔን ገላ ነው። ትናንት አንተ እንዴት እንደወጣህ አላየም። ዝም ብሎ ነው የሚያሳልፍህ።»

«አስተማሪ ሆንክብኝ?»

«አልሰጥም።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ጀልባ የሚያስሩት ሰዎች ዞር አሉ። ጋሼ ቀስ ብሎ ቀረበኝ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ታላቅ የለህም» አለኝ። ሄደ።

እንግዶቹን ከባሕሩ ዳር ጥልቀት የሌለው ቦታ ወስጄ ዓሣ አሳየኋቸው። አንድም ዓሣ አላየሁም እኔ።

ስንመለስ ኤንሪና ወደቡ ላይ ቆማለች። ነጠላ ጫማዋ አንድ እግሯ ላይ ብቻ።

«ፒዮ፣ ማሳኦ እግሬ አይሰማኝም አለ! ትናንት ማታም ትከሻዬ እያለ ሲገላበጥ ነበር። ለማንም እንዳትናገሪ ብሎ አስፈራራኝ።»

ኦክስጅኑን ተሸክሜ ሮጥኩ። ወለሉ ላይ ተኝቷል። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። ጭንብሉን ሳደርግለት ግን አልገፋውም።

ዓርብ፣ ማርች 7

ወደ ጉዋም ደሴት ወሰዱት። እንዲህ የሆነ ጠላቂ የሚታከምበት የግፊት ክፍል ያለው እዚያ ነው። ከፍታ ሕመሙን ስለሚያብስ፣ ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን እስኪገኝ ትናንት መሸ። ኤንሪና አብራው ሄደች። ዛሬም ጠለቅኩ። ሌላ ማን አለ?

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ደከመኝ። የሁለት ሰው ሥራ... ገመዱን የማስር እኔ፣ የምመራ እኔ፣ ሲሊንደር የምሸከም እኔ። ማታ ሩዝና የቆርቆሮ ሥጋ፣ ቆሜ።

ኤንሪና ደወለች። ግራ እግሩ መለስ ብሏል። ቀኙ ይጎተታል።

«ስለኔ ጠየቀ?»

«ያው ታውቀዋለህ» አለች።

አውቀዋለሁ። ብሰጠውስ ኖሮ? ያን ቀን መርከቧ ውስጥ ሆኖ እግሩ እምቢ ቢለውስ? ይሄን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ልክ ነበርኩ። ታዲያ ምን ያስጨንቀኛል?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ጋሼ ዛሬ ጀልባ ላይ ወጣ። ከጉዋም ከመጣ ሳምንት አልፎታል፣ ቤቱ ስሄድ ተኝቷል ነበር የምባለው። ዛሬ ማንም ሳይጠራው በከዘራ መጣ። ሊሳፈር ሲል ትከሻዬን ያዘ። ይከብደኛል ብዬ ነበር... አልከበደኝም። ምን ያህል ከስቷል!

ሞተሩን እሱ ነዳ። ጠልቄ ስወጣ ሲሊንደሬን ሊቀበለኝ ሞከረ፣ አልቻለም፣ ሁለታችንም እንዳላየን ሆንን።

እንግዶቹ ልብስ ሲቀይሩ ቀስ ብሎ ጠራኝ።

«ፒዮ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ጥልቁን አይደለም... እዚያ ዳር ዳሩን ብቻ። ነገ ልግባ?»

ጋሼ ማሳኦ እኔን አስፈቀደ። ምን ልበለው? ዓይኑን ሳየው ልቤ ራራ። ሐኪሙ ግን ከእንግዲህ መጥለቅ የለበትም ብሎ ለኤንሪና ነግሯታል። እሱም ያውቃል።

«አይሆንም፣ ጋሼ።»

ስድቡን ጠበቅኩ። «ማን ሆነህ ነው» እስኪለኝ።

«እሺ» አለኝ።

ዞሮ ሞተሩን አስነሳ። እስከ ወደቡ ድረስ ጀርባውን ሳይ መጣሁ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።