የአንገት ራጅ

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ እምሩ፤

የአስመራ አየር እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዜር በፈቀደልን መጠን ደህና ነን። እማዬ ጠዋት ጠዋት ሥላሴን ትሳለማለች። ታናሻችን ደምሰው ከቤት ከወጣ ሰንብቷል፤ ስድስት ኪሎ ጓደኞቹ ዘንድ ነው እያልኩ አጽናናታለሁ።

እኔ ያው ራጅ አነሳለሁ። ሐኪማችን የጤነኛ ሰው የአንገት አጥንት በየዕድሜው፣ በወንድና በሴት ውፍረቱ ምን ያህል እንደሚሆን እየለካ ያጠናል። የእኔንም ለክቶ፣ «የሴት ቀጠን ይላል» አለኝ።

ማክሰኞ ወታደሮች ፊቱን በጨርቅ የሸፈኑት ልጅ ደግፈው አመጡ። «አንገቱ ተሰብሮ እንደሆነ እዩልን» አለ አለቃቸው። እጄ ሲነካው ልጁ የተሸፈነ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ሐኪሙ ፊልሙን ለክቶ፣ «የሃያ ዓመት ወንድ ልክ ነው፤ ደህና ነው» አለ።

«እንግዲያው ምርመራውን ይችለዋል» ብሎ አለቃው ይዞት ሄደ።

ፊልሙን ሐኪሙ ለጥናቱ ስላስቀረው ደጋግሜ አየሁት። ግርጌው ላይ የግራ ትከሻው አጥንት ድሮ ተሰብሮ የገጠመ መሆኑ ይታያል።

ጋሼ፣ ደምሰው በልጅነቱ እሪ በከንቱ ከግንብ ላይ የወደቀ ጊዜ ወጌሻው ያሸው የትኛውን ትከሻውን ነበር? እማዬን መጠየቅ አልሆነልኝም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሰው ሳይውል ሳያድር ይመለሳል፤ ቀኙ ነበር ብለህ በእሱ እጅ ላክልኝ።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬ ይድረስ። እመብርሃን በያላችሁበት ትጠብቃችሁ።

እህትህ የሺዓለም