ከአሸንዳው የተለቀሙ ሰባት ቅንጣቶች

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት
በርሜሉ ዛሬም ሞልቷል። ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልዬ የአሸንዳውን ደለል ስፈትሽ አረፈድኩ። እጄ ደንዝዟል። የመቱ ከተማ ዝናብ ለሌላው ጭቃ ነው፣ ለእኔ መከር። ከጠፈር ማግኔት የሚስበው ትቢያ ይወርዳል ስል አክስቴ እትዬ በላይነሽ ይስቃሉ። በዲግሪሽ የእኔን ቆርቆሮ ጥረጊ ይሉኛል።

ሰኔ 11፣ ሐሙስ
ደብተሬ፣ ሰባት ቅንጣት! የድሮ የፊዚክስ መምህሬ የት/ቤቱን ቤተ ሙከራ ከፈቱልኝ፤ በማይክሮስኮፕ አየኋቸው። ጥቁር፣ ድብልብል፣ ከጤፍ በብዙ ያነሱ። በስልኬ ፎቶ አነሳሁ።
የሥራ ማመልከቻውን ዛሬውኑ ጻፍኩ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጠፈር ጥናት ቡድን ሳተላይት ላይ ተገጥሞ በምድር ዙሪያ የሚበረውን ትቢያ የሚይዝ ሰሌዳ እየሠራ ነው። አንድ ረዳት ይፈልጋሉ። ማስታወቂያቸው አመልካች ራሱ ያጠናውን ቅንጣት ይላክ ይላል። ፖስታው ላይ «ሰባት የጠፈር ቅንጣቶች» ብዬ ጽፌ አሸግኩት። ሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ይሄዳል።

ሰኔ 12፣ ዓርብ፣ ከሰዓት
ጎረቤታችን ጋሽ ገመቹ የብረት በር ይበይዳሉ። ጉራ አማረኝና ፎቶውን አሳየኋቸው። ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት።
«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ይኼማ የእኔ ነው። ስበይድ የሚረጨው። ኪሴን ባራግፍልሽ ስንት ሰማይ ታገኛለሽ።»
ሳቅሁ። ከዚያ ማግኔቴን በጠረጴዛቸው ሥር ጎተትኩ። ጥቁር ሆኖ ወጣ።

ሰኔ 13፣ ቅዳሜ
ከጠረጴዛቸው ሥር የለቀምኩትን ቤተ ሙከራ ወስጄ ከፎቶዬ ጋር ጎን ለጎን አየኋቸው። ስድስቱ ቁርጥ የጋሽ ገመቹን ይመስላሉ። አጥራቸው ከአሸንዳችን አምስት እርምጃ አይርቅም፤ እንዴት አላሰብኩም? ምሳ አልበላሁም። እትዬ በላይነሽ ዝም ብለሽ ላኪው፣ ማን ያውቃል አሉ። የቡድኑ ሰዎች ያውቃሉ እኮ፤ ሥራቸው ማወቅ ነው። ግን ከተመረቅኩ ያለ ሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እውነቱን ልንገርሽ ደብተሬ፣ ልላከው ልላከው ብሎኛል።

ሰኔ 14፣ እሑድ
ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ገመቹ መጡ። ማኩረፌን ሰምተዋል። ሥራሽን አበላሸሁብሽ አሉና የክብሪት ቀፎ ሰጡኝ፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት የብየዳ ዘንግ የተረጨውን ለየብቻ በወረቀት ጠቅልለውበታል።
«ከላክሽው ስሜን ጻፊበት» አሉ።
ማስታወቂያውን ደግሜ አነበብኩ። ለካ ሰሌዳው የሚይዘው የተፈጥሮ ትቢያ ብቻ አይደለም። ከሮኬትና ካረጀ ሳተላይት የተላጠ ቀለም፣ የብረት ፍርፋሪም አለበት። የሰማዩን ከሰው እጅ ሥራ መለየት ነው ትልቁ ሥራ። ቅዳሜ ሙሉ ስሠራ የዋልኩት ይህንኑ አይደል ታዲያ?
ፖስታውን ቀደድኩ። አዲሱ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ ስድስቱ የጎረቤቴ የገመቹ ብየዳ ናቸው፤ ማነጻጸሪያው በክብሪት ቀፎው ውስጥ አለ። ሰባተኛዋ ላይዋ ላይ ቀጫጭን መስመር አላት፤ ከየት እንደመጣች አላውቅም። የማመለክተውም ለማወቅ ነው።
ነገ ጠዋት በ12 ሰዓት መነኻሪያ፣ ፖስታውን ለመስጠት። ከዚያ አዲስ ትቢያ ለመልቀም በርሜል ይዤ ወደ ያዮ፣ አጎቴ ጋ። ጫካ መሃል ነው ቤቱ፤ ብየዳ የሚባል ነገር እዚያ አካባቢ የለም — ቆይ፣ አለመኖሩን መጀመሪያ ልጠይቀው።