ምኑ ነው ያለቀው?

ጥር 26
ጣሪያው እስኪጠገን ትምህርት ቤታችን ለአንድ ወር ተዘጋ። ደስታዬን ሳልጨርስ አጎቴ ያዘኝ። «ስልክ ላይ ተጥደሽ ከምትውዪ ነይ ሥራ ልስጥሽ።»
ጋራዡ የሱ ነው፤ አባዬ ዋና መካኒኩ። የሕፃናት ማመላለሻ አውቶቡሶች ይጠግናሉ፣ ያሰማራሉ። አሁን ኮምፒውተር ላይ የሥራ ሰሌዳ ገብቷል። ለእያንዳንዱ ጥገና አንድ ካርድ። ካርዶቹን የሚከታተሉት ደግሞ ሰዎች ሳይሆኑ የኤአይ ኤጀንቶች ናቸው፤ የተጻፈላቸውን መመሪያ አንብበው ራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች። ለነሱ መመሪያ የሚጽፍ ሰው ጠፋ። «ቋንቋቸውን የምታውቂው አንቺ ነሽ» ይለኛል። ቋንቋቸው አማርኛ ነው እኮ አጎቴ!
ስምሪቱን ይሠሩ የነበሩት እትዬ ጡሩምባ ጡረታ ወጥተዋል። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ምኑ ነው ያለቀው? ሥራው ነው ዕቃው?» ሲሉ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማ ነበር። ዛሬ አስመስያቸው መካኒኮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አባዬ ብቻ አልሳቀም።

ጥር 29
ለማሽን መጻፍ ለአዋቂ ከማስረዳት ይቀላል። አያቋርጥም። «በኛ ጊዜ» አይልም።
መካኒኮቹ እንዴት እንደሚጽፉ ለማወቅ የድሮ ካርዶች ሳነብ ዋልኩ። ሌላው ሁሉ ድርሰት ነው የሚጽፈው። አባዬ ግን... አንድ ቃል። «ተለወጠ።» «ይጠበቅ።» «አለቀ።» ቃል ከአፉ የሚወጣው በጉጠት ነው።
የመመሪያዬን አንቀጽ ሰባት እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «መካኒኩ ‹ጨረስኩ› ወይም ‹አለቀ› ብሎ ከጻፈ ሥራው ተጠናቋል። ካርዱን ዝጋ። አውቶቡሱን ለነገ ስምሪት አስገባ።» አጭር፣ ግልጽ። ራሴን አደነቅሁ።

የካቲት 1
አጎቴ «መመሪያውን አባትሽ ይየውና ለኤጀንቶቹ ላኪው» አለ። ለአባዬ ሰጠሁት። «ቆይ መነጽሬን» ብሎ ተነሳ። መሳቢያ ከፈተ... ኮቱን በረበረ... መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው! ሳቄን አፍኜ ቆየሁ። ከዚያ ሰለቸኝ። ላክሁት።
«ሳላየው?»
«ማሽኑ ገብቶታል አባዬ።»

የካቲት 6
ጋሽ ቀስታ ተጋጩ።
አራት ቁጥር አውቶቡስን የሚነዱት ሽማግሌ። ኤሊ ትቀድማቸዋለች እያልኩ የምቀልድባቸው። ዛሬ ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አላቸው። ግንብ ላይ አስደግፈው አቆሙት። እጃቸው ተሰብሯል። አውቶቡሱ ባዶ ነበር። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ግን አሥራ አንድ ሕፃናት ቆመው ይጠብቁ ነበር።
አሥራ አንድ...

የካቲት 7
ካርዱን አየሁት። ርዕሱ፦ «አራት ቁጥር፣ የፊት ፍሬን ሸራ ይታይ።» ከሥሩ የአባዬ ጽሑፍ፦ «አለቀ።»
አጎቴ ጠረጴዛውን እየደበደበ ነው። «ጨረስኩ ብለሃል! ይኸው ስምህ!»
«ሸራው ተበልቶ አለቀ ነው ያልኩት።»
«ዛሬ ነው ሸራው ትዝ ያለህ?»
አባዬ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።
እትዬ ጡሩምባ ቢኖሩ በመስኮት ይጮሁ ነበር። ኤጀንቱ አልጮኸም። አንቀጽ ሰባትን አነበበ፣ ካርዱን ዘጋ፣ አውቶቡሱን አሰማራ። እንዳዘዝኩት።
አፌን ከፈትኩ... «ውሃ ልጠጣ» ብዬ ወጣሁ።

የካቲት 8
አባዬ ታገደ። ይባረር አይባረር ዓርብ ይወሰናል። ቤት ተቀምጦ የማያፈስ ቧንቧ ይጠግናል። እማዬ «ሃያ ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን ዋሽተሃል? ንገራቸው እንጂ!» ትላለች። «ነገርኳቸው» ይላል።
ምን እጠብቃለሁ? ነገ እናገራለሁ።

የካቲት 9
አልተናገርኩም።

የካቲት 10
የዓርቡ ስብሰባ ከተጀመረ በኋላ ሳላንኳኳ ገባሁ። አንቀጽ ሰባትን ጮክ ብዬ አነበብኩ።
«የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባዬ ልየው ሲል ሳላሳየው ላክሁት። ‹አለቀ› ሁለት ነገር እንደሆነ ረሳሁ።»
አጎቴ መነጽሩን አወለቀ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»
«ማክሰኞ።»
አባዬ ዞሮ አየኝ። «ከማክሰኞ ጀምሮ?» አለ።
ስህተቱ አይደለም የከፋበት። ውሸታም ሲባል ቆሜ መስማቴ ነው።

የካቲት 13
አባዬ ሥራ ተመለሰ። እኔን አያናግረኝም። ድሮም አያወራም፤ ይሄ ግን ሌላ ዝምታ ነው። ሳህን ሳቀብለው እንኳ ሳህኑን ነው የሚያየው።
ጋሽ ቀስታን ልጠይቃቸው ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። «እንደ ጎረምሳ ብነዳ ኖሮ ይሄን ብርቱካን መቃብሬ ላይ ነበር የምታስቀምጪው» ብለው ሳቁ። ልስቅ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

የካቲት 17
እትዬ ጡሩምባ ቤት ሄድኩ። «እትዬ፣ ሰው ‹አለቀ› ብሎ ሲጽፍ ምን ያደርጉ ነበር?»
«እጮኻለኋ! አንቺ አይደለሽ እንዴ የምታስመስዪኝ?» ...ያውቃሉ ለካ! መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።
አዲሱን አንቀጽ ሰባት ከአፋቸው ቀዳሁት፦ «‹አለቀ› ከተባለ ‹ምኑ ነው ያለቀው? ሥራው ነው ዕቃው?› ብለህ ጠይቅ። መልስ እስኪመጣ ካርዱን አትዝጋ፤ አውቶቡሱን አታሰማራ።»
ለአባዬ ሰጠሁት። ተነሳና መሳቢያ ይበረብር ጀመር። «ግንባርህ ላይ ነው» አልኩት።
ተቀመጠ። በአውራ ጣቱ መስመር መስመሩን እየተከተለ አነበበ። እንደገና ከላይ ጀመረ። አልቸኮልኩም። ሳምንት ሙሉ ያላናገረኝ አባቴ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።
«አለቀ» አለ።
«ምኑ?» አልኩት።