ግድግዳ ሙሉ ጨርቅ

ሰኞ፣ ግንቦት 12፣ ከጧቱ 1 ሰ.

ጥቁር ከጥቁር፣ አበባማ ከአበባማ። የአል-ሳሃፋ ሰፈር ልብስ ሰፊዎች የሰጡኝ ብጣሽ ማዳበሪያ ሞልቶ ተርፏል። ግማሹን እንኳ ገና አልለየሁም። አብራኝ የምትኖረው ከድጃ እየተነጫነጨች ሻርፗን ትፈልጋለች። ጨርቄ ስር ገብቷል። እኔ አልቀበርኩትም፤ ቁልሉ ራሱ ተንሸራቶ ነው።

ልትወጣ ስትል ነገረችኝ። ታናሽ እህቷ ረህመት እዚሁ ሱዳን፣ ሪያድ ሰፈር የምትሠራበትን ቤት ለቃ ልትመጣ ነው። እመቤቲቱ ትማታለች። የመኖሪያ ወረቀቷን፣ ኢቃማ የሚሉትን፣ ይዛባታለች። እንግዲህ መተኛ ይፈለጋል። ክፍላችን አንድ፣ አልጋችን ሁለት፤ አንዱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ የኔ ጨርቅ። ወይ ሽጪው ወይ ብይው ብላኝ ሄደች።

ማስታወሻዬ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂ። ብጣሽ እየገጣጠመ የአልጋ ልብስ የሚሰፋ ሰው ምን ያህል ጨርቅ ያስቀምጥ? ከ. ሥራዬን ድሪቶ ትለዋለች። ይሁን። ግን ድሪቶም ቢሆን መሃል ላይ ጨርቅ ሲያልቅ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም። ነጋዴው ያንኑ ቀይ ሁለተኛ አያመጣም። ያው ነው ወላሂ ይልሻል፤ ቤት ወስደሽ ስታስተያዪው አንዱ ደም፣ ሌላው በርበሬ። ስለዚህ ይጠቅማል ያልኩትን አስቀምጣለሁ። አይጠቅምም የምለው ደግሞ የለም። በሽታዬ ይሄ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ደንበኛዬ ሐጃ በቱል ከአርካዊት ሰፈር መጡ። የሟች እናታቸውን ቶብ ይዘው፤ ሱዳኖቹ ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉትን። የሎሚ ቀለም። ስስ ጥጥ። ሰንደል ሰንደል ይሸታል። ሴት ልጃቸው ልታገባ ነው፤ የሙሽሪት አልጋ ልብስ መሃሉ በዚህ ቶብ እንዲሠራ ይፈልጋሉ። ሙሽራው ገልፍ አገሮች ነው የሚሠራው፤ የዕረፍት ፈቃዱ ስላጠረ የሠርጉ ቀን ወዲህ ተስቧል። ቶሎ አሉ። ኢንሻአላህ አልኩ።

እሳቸውን ማስቀየም አልችልም። አምና በአፈሳው፣ ካሻ በሚሉት ጊዜ፣ ፖሊሶቹ ወረቀት የሌላትንና ያልተሸፈነችውን ከመንገድ እያፈሱ ሲጭኑ፣ ከ. አብራ ተጭና ነበር። ጣቢያ ሄደው ያስፈቷት ሐጃ ናቸው። እዚህ አገር ስለኛ የሚናገር ሌላ አፍ የለንም።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰ.



ጨርቅ ሳላጥብ አልቆርጥም። ልማዴ ነው፤ የሚለቀውም ይልቀቅ፣ የሚያጥረውም ይጠር ብዬ። ቶቡን በቀዝቃዛ ውሃ ነከርኩት፤ በሳሙናም አላሸሁትም። ሳወጣው ተሰነጠቀ። ድምፅ እንኳ የለውም። በእጥፋቱ፣ በእጥፋቱ ብቻ፤ ጠርዙ ብቻ አያይዞታል። ዓመታት ሰንዱቅ ውስጥ እንደታጠፈ ኖሮ መታጠፊያው በስብሷል። ከእጥፋት እጥፋት ያለው መሃሉ ደህና ነው። ግን ማን ያምነኛል? የሰው እናት ልብስ ተቀብዬ ቀዳድጄ ላስረክብ?

ለከ. አልነገርኩም። አልጋዬ ስር ከተትኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17

ረህመት መጣች። አንድ የላስቲክ ከረጢት፣ የለበሰችው ቀሚስ፣ ከትከሻ የማያልፍ ሻርፕ። የቀረው ንብረቷ ከሴትዮዋ ጋር ቀርቷል። ልጅ ናት ገና። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። በሁለቱ አልጋ መሃል፣ ወለሉ ላይ ተኛች። እግሯ የኔን ቁልል ይነካል።

ከ. አላናገረችኝም። ጨርቅ ከሰው በለጠ አለች፣ ለግድግዳው።

አሁን እንኳን ላወጣው፣ አንዲት ክር አላስነካም። እዚያ ውስጥ ከቶቡ የሚመሳሰል ቢገኝስ? ቀኑን ሙሉ ስቆፍር ዋልኩ። ስንት ዓይነት ቢጫ አለኝ መሰለሽ! የእንቁላል፣ የሙዝ፣ የእርድ። የሎሚ የለም። ይህን ሁሉ ዓመት ያጠራቀምኩት ለዚች ቀን አልነበረም?

እሑድ

ሐቦብ ተነሣ። ሰማዩ ሁሉ ቀይ አፈር። በሩን በብጣሽ ወተፍን። ለዚህስ ጠቀመ።

የሐጃ ሹፌር አዋራውን ሳይፈራ መጣ፤ ቶቡ ተቆርጧል ወይ ብለው ልከውታል። ተቆርጧል አልኩት። ዋሸሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 19፣ ከጧቱ 2 ሰ.

አገኘሁ። ከቁልሉ ግርጌ፣ አንድ ቁራጭ የሎሚ ቢጫ። አዲስነቱ ያስታውቃል፤ በቀጭን ሻይ ነከርኩት፣ አሮጌ እንዲመስል። ሲደርቅ አየሁት። እናታቸው ራሳቸው ተነሥተው ቢመጡ አይለዩትም። ሽታው ብቻ ሻይ ሻይ ይላል። ሰንደል መግዛት ነው።

ደስ ብሎኛል። ደስ ማለቱ ራሱ ያስፈራል።

ረህመት ዳቦ ልግዛ አለች። የምጠቀለልበት ነገር ካለ ብላ ጨርቁን በዓይኗ ጠየቀች። ቁልሉ በየዓይነቱ ተለይቷል፤ አንዱን ስትመዝ ሁሉም ይናዳል። ማታ እሰጥሻለሁ አልኳት። እሺ እትዬ ብላ በሻርፗ ወጣች።

በዚያው ቀን፣ 5 ሰ.

አልተመለሰችም።

6 ሰ. ተኩል

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ካሻ ነው። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ነገረኝ። ረህመትን ከወረፋው ላይ አውጥተው ጫኗት። አንዷን ሴት ግን ቶብ ስለለበሰች ተዉዋት አለ። እኔን አላየኝም ሲናገር፤ ገንዘብ እየመለሰ ነበር።

ያ ሁሉ ጨርቅ! ግድግዳ ሙሉ ጨርቅ እያለኝ ልጅቷን ራቁት ያህል አወጣኋት። ማስታወሻዬ፣ አታጽናኚኝ።

አርካዊት መሄድ አለብኝ። ግን ምን ይዤ? በሻይ የነከርኩትን አንጥፌ፣ ዋሽቼ፣ ውለታ ልለምን? እውነቱን ብናገር ደግሞ ሐጃ ከቤታቸው ቢያባርሩኝ ረህመት እዚያው ልትቀር ነው። ከ. ሥራ ላይ ናት፤ አልሰማችም።

ሁለቱንም ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። ረክሻ፣ ባጃጁ ላይ ነኝ፤ ፊደሌ የሚዘለው ለዚህ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 20

ትናንትን ልጻፍ።

በሐጃ ሳሎን ለሠርጉ እንግዳ ሞልቷል። ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። መጀመሪያ ቶቡን አወጣሁ። ረህመትን አላነሣሁም። በእሷ ለቅሶ ልሸፈን አልፈለግኩም። በውሃ ውስጥ ተሰነጠቀ አልኳቸው፤ ተቆርጧል ያልኩትም ውሸት ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ላታልልዎ ያዘጋጀሁት ነው። ዐረብኛዬ ተሰባበረ።

ሐጃ አልጋው ላይ ተቀመጡ። ስንጥቁን በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ተከተሉት።  ከውጭ ሴቶች እልል ይላሉ። ሐጃ፣ እናቴ ከሞተች አንድም ቀን ገልጬው አላውቅም አሉ። ሽታዋ ያልቃል ብዬ። ከዚያ አለቀሱ፤ እኔም። ጥፋቱ የማንም አይደለም አላሉም። የኔ የልጇ ነው አሉ።

ያኔ ነው የረህመትን የነገርኳቸው። ተቆጡ፣ ያኔ ገና። ይህን አስቀድመሽ አትናገሪም እንዴ ብለው ጮኹብኝ። እንግዳውን ጥለው ተነሡ። "ያላ፣ እንሂድ!"

ጣቢያው ውስጥ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ደጅ አስቀሩኝ። ድምፃቸው ግን ይሰማል፤ ከፍ ይላል፣ ይለምናል፣ ደግሞ ይቆጣል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ረህመት ስትወጣ ሻርፗ የለም። ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ቀና አትልም። ሐጃ ከኋላዋ ወጡ። ከረጢቱን ከእጄ ነጠቁና ያን የተሰነጠቀ ቶብ አወጡ። በደረጃው ላይ፣ ፖሊሶቹ እያዩ፣ ጠቀለሏት። ሁለት ጊዜ ዞሮ ስንጥቁ በደህናው ተሸፈነ።

በመኪናቸው መለሱን። በራችን ላይ ረህመት ልትፈታው ስትል እጇን ያዟት። ለብሰሽው ግቢ አሏት። ለእኔ፣ በዚህ ሳምንት ቁረጪው፤ ደህና ደህናውን አሉ። 

ከ. ማታ ሰማች። እህቷን አቅፋ ቆየች። እኔን አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 23፣ ከጧቱ 3 ሰ.

ግድግዳውን አፈረስኩት። ሁሉንም ወደ ግቢው አወጣሁ፣ አንድ በአንድ ገለጥኩ። የኔም ከሥር ያሉት በእጥፋታቸው በስብሰዋል። ስሳሳላቸው የኖርኩት ሁሉ።

መጀመሪያ ረህመት ትምረጥ አልኩ። ፈርታ አንድ ብቻ አነሣች፤ ጨምሪ ብዬ ጮኽኩባት። ቀጥሎ የሰፈሩ የአገራችን ሴቶች መጡ፤ ለመሸፈኛ፣ ለልጅ ማዘያ ወሰዱ። በቃኝ አላሉም፣ እኔም አልከለከልኩም። ለራሴ አልጋዬ ስር የሚገባውን ብቻ አስቀረሁ፤ በአንድ ዓርብ ውሎ ገልጬ አናፍሼ መልሼ የማጥፈውን ያህል። ከዚያ የተረፈ በዚያው ዓርብ ይወጣል። ቆርጫለሁ።

ግድግዳው ነጭ ኖሯል፤ ረስቼው ነበር። የረህመት ፍራሽ እዚያ ተነጥፏል። ገና ደጅ አትወጣም፤ በር ሲንኳኳ ትነሣለች። አሁን የቶቡን ጫፍ ይዛልኝ ቆማለች፣ ልቆርጥ ነው።

ከ. በር ላይ ሆና፣ መሃል ላይ ጨርቅ ቢያልቅብሽስ አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ይለቅ አልኳት። ሱቅ እሄዳለሁ፤ ቀለሙ ባይገጥም ባይገጥም ነው። ረህመት ያን ቀን ጣቢያው ብትቀር ግን ከየትኛው ጣቃ ላይ ነበር የማስቆርጣት?