ግንቡ ላይ የቀረችው ሴት

ውድ የወንድሜ ሚስት፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? የእማስ ጉልበት? ልጅቷስ ትምህርት ቤት ስትሄድ አሁንም ታለቅሳለች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ለንደን፣ ሃርልስደን ያው እንደምታውቂው ነው፣ ዝናብና ሥራ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ደውዬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን አልችልም፤ ስለምትልኪልኝ በርበሬ አውርተን እንዘጋለን። ዊጅዳን ለእረፍት ኮምቦልቻ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ያለፈው ቅዳሜ ሃና፣ ዌምብሊ ሆቴል አብራኝ የምትሠራው፣ ከቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ጋር ባሕር ዳርቻ ትሪፕ አለን፣ ካልመጣሽ እቀየምሻለሁ አለችኝ። ወንድሜ ያሲር ወደ እኔ ሲሻገር ጀልባው ከተገለበጠች ወዲህ እኔ ባሕር አጠገብ ደርሼ አላውቅም። ቤት ተቀምጦ ስልክ ከማየት ይሻላል ብዬ እንደምንም ሄድኩ።

ባሱ ያወረደን አንድ አሮጌ ግንብ ሥር ነው። ድሮ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ ትልቅ መብራት ነበረበት። መብራቱ ከተነሳ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አሁን መንፈስ አለበት ስለሚባል ቱሪስት ይወጣበታል። የምታስጎበኘን ጠና ያለች እንግሊዛዊት ታሪኩን ነገረችን። መብራቱን የሚጠብቀው ሰው፣ ማዕበል ተነስቶ ጀልባ ስትሰምጥ አይቶ፣ ሰዎቹን ሊያወጣ ቀዝፎ ሄደ። አልተመለሰም። ሚስቱ ግን ይመጣል ብላ መብራቱን ራሷ ማብራት ጀመረች። ዘመዶቿ ነይ ውረጂ፣ ከእኛ ጋር ኑሪ ቢሏት እምቢ ብላ እዚያው አርጅታ ሞተች። እስከ ዛሬ መብራት በሌለው መስኮት ብርሃን ያዩ፣ ደረጃው ላይ ቀሚስ ሲንኮሻኮሽ የሰሙ አሉ ይባላል።

የሃና ጓደኞች “በኢየሱስ ስም!” እያሉ ይሳሳቃሉ። እኔም በዲናችን የሞተ ሰው ነፍስ በየግንቡ እንደማይዞር አውቃለሁ። ግን መሳቅ አቃተኝ።

“ባሕር የበላው እሱን ነው፤ ታዲያ ለምን እሷ ናት የምትዞረው?” ብዬ አስጎብኚዋን ጠየቅኋት።

ሴትዮዋ፣ “እሱማ አርፏል፤ ያላረፈችው ስትጠብቅ የኖረችው ናት” አለችኝ።

እህቴ፣ በዓይኔ የመጣሽው አንቺ ነሽ። ባጃጅ ከደጅ በቆመ ቁጥር ሥራሽን ጥለሽ እንደምትወጪ፣ ለዒድ የላክሁልሽን ቀሚስ ያሲር ሳያየው አልለብስም ብለሽ እንዳስቀመጥሽው እማ ነግራኛለች።

ሃና ክንዴን ይዛ ላይ አወጣችኝ። ባሕሩ ግራጫ ነው፣ ጸጥ ብሏል፤ ሰው የሚበላ አይመስልም። ቁልቁል ሳይ አንዲት የነፍስ አድን ጀልባ ወደ ዳርቻው ትመጣለች፤ ብርቱካናማ ጃኬት የለበሱ ሰዎች ታጭቀውባታል። ከፈረንሳይ በኩል የሚሻገሩት ናቸው። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጠጠሩ ላይ እሮጣለሁ፣ ሃና ከኋላዬ “መይሙና! ኧረ ቁሚ!” ትላለች። አንድ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። ከቆምኩበት ሆኜ ባለኝ ድምፅ ሁሉ “ያሲር!” ብዬ ተጣራሁ።

አንድ ሰው ዞረ።

ብርድ ልብስ ተከናንቧል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ስሙ ያሲር ነው፣ ሱዳናዊ። የማውቀው መስሎት ፊቴን እየመረመረ፣ በአረብኛ “ማን ነሽ እህቴ? ከቤት ልከውሽ ነው?” አለኝ። “አይ፣ እኔ የምጠብቀው ሌላ ሰው ነበር” አልኩት። ከዚያ ለወንድሜ ብዬ በልቤ ይዤው የኖርኩትን ቃል ለእሱ ሰጠሁት። “እንኳን በሰላም ገባህ” አልኩት። ሰውየው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሻርፔን አውልቄ ፖሊሱ እንዲያቀብለው ሰጠሁ። ወዲያው ወሰዷቸው።

ሰኞ ሆሎዌይ ሄጄ ሸኽ አብዱልወሀብን አነጋገርኳቸው። ከያሲር ጋር ውኃ ውስጥ የነበረው፣ የተረፈው ጓደኛው፣ ያሲር ሲሰምጥ በዓይኑ እንዳየ ነገርኳቸው። አንቺም ሰምተሽዋል፤ በድኑን ካላየሁ አላምንም አልሽ፣ እኔም ሁለት ክረምት አብሬሽ አላመንኩም። ሸኹ ሰሙኝና፣ በድኑ ላልተገኘ ሰውም የጀናዛ ሶላት እንደሚሰገድለት ነገሩኝ። “ግን አስቀድመሽ የእናቱንና የሚስቱን ልብ ይዘሽ ነይ” አሉኝ። እማ እሺ ብላለች። የቀረሽው አንቺ ነሽ። እባክሽ እሺ በይኝ።

ሌላም ነገር አለ፤ አትቆጪኝ። የካሚልን ሽማግሌዎች በር ላይ መለስሻቸው አሉ። ካሚል ከያሲር ጋር ያደገ ሰው ነው፤ ልጅቷን በዝናብ በሞተሩ ትምህርት ቤት የሚያደርሳትም እሱ ነው። አግቢው አልልሽም፣ ያንን ልብሽ ያውቃል። እኛ እንዳንቀየምሽ ብለሽ ከሆነ ግን፣ ስለ እኛ ብለሽ አትቀመጪ። ማንንም ብታገቢ የእማ ልጅ ነሽ።

ለያሲር አንጥፌው የነበረውን አልጋ ዛሬ ጠዋት ፈትቼ ለጎረቤት ሰጠሁት። ይህን የምጽፍልሽ አልጋው በነበረበት ቦታ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው። ክፍሌ እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አላህ ልብሽን ያጽናልኝ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ የተሰበረውን ሁሉ በእዝነቱ ይጠግንልሽ። እማን ግንባሯን ሳሚልኝ።

ምንጊዜም እህትሽ